የአንድ ማዕድ ደንብ

የጋምቤላን የሩጫ ሜዳ በገመድና በካስማ ለክተው መጀመሪያ ያሰመሩት ሻምበል ወልደሰንበት ነበሩ። ከእርሳቸው ቀጥሎ መምህር ኦጁሉ መጡ፤ ከመምህር ኦጁሉ ቀጥሎ ደግሞ የፊሽካቸው ድምፅ ባሮን ተሻግሮ የሚሰማው ወይዘሮ አስካለ። ሻምበል ጢሙን ያልተላጨ አሠልጣኝ ሜዳ አያስረግጡም ነበር። ወይዘሮ አስካለ የተማሪን ስም ከነአያቱ ያልያዘ ረዳት አይቀበሉም። መምህር ኦጁሉ ግን ከሁለቱም የበለጠ ጥብቅ ነበሩ፤ ሯጭ ከመሮጡ በፊት ሲበላ በዓይናቸው ካላዩ ፊሽካ አይነፉም፤ የሚበላበትንም ቦታ ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ ወንዱን ለብቻ፣ ሴቷን ለብቻ። ምክንያቱን የጠየቃቸው አዲስ መጤ ቢኖር «ሰው በሚያፍርበት ቦታ አይበላም» ብለው ያልፉታል እንጂ አያብራሩም። ደረጃ ያወጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ደረጃውን ወይ ጠብቋል፣ ወይ አፍርሷል።

አቶ አለማየሁ እነዚህን ስሞች በልባቸው እየደገሙ በረንዳቸው ላይ ጢማቸውን ይላጩ ነበር። ከጎሬ በወጣትነታቸው ለማስተማር ወርደው ጋምቤላ ቀሩ፤ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነትና በስፖርት ኃላፊነት አገልግለው በክብር ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ክፍል ቤታቸው ዝም ያለ ነበር፤ ዝምታውን የሰበረው የእህታቸው ልጅ ጸጋአብ ነው። ጸጋአብ በስፖርት ሳይንስ ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ፣ በከተማው ያለው ኮሌጅ ረዳት አሠልጣኝ አድርጎ በሙከራ ቀጠረው። ዲግሪው በመስታወት ተደርጎ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከአጎቱ አሮጌ የመምህርነት ምስክር ወረቀት ጎን ተሰቅሏል። መብራት ከጠፋ ሰንብቷልና ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ ፀሐይ ገና ከመውጣቷ ቆርቆሮው መንጣጣት ጀምሯል። የመጋቢት ሙቀት በጋምቤላ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ ሳይጠሩት ይገባል፣ ማምሻውንም አይወጣም።

አቶ አለማየሁ ያን ዕለት ስሞቹን የደገሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ትናንት በእራት ላይ ጸጋአብ ፊቱ በርቶ አንድ ነገር አጫውቷቸው ነበር። ኮሌጁ ለውድድር ያሰባሰባቸው ሯጮች ግቢ ውስጥ ካምፕ ገብተዋል፤ ወንዶቹና ሴቶቹ ቀድሞ በየተራ ይመገቡ የነበሩትን እርሱ ባንድ አዳራሽ፣ ባንድ ሰዓት፣ ባንድ ማዕድ አደረጋቸው። ለሁለት ዙር ይወጣ የነበረው የማገዶና የወጥ ቤት ወጪ ቀረ። እንጀራና ዳቦ ደብቀው እያወጡ ይሸጣሉ የሚል ሐሜት ስለነበረም ምግብ ከአዳራሹ እንዳይወጣ ከለከለ። ዲኑ ደንቡን በስብሰባ ላይ አመስግነውታል። አቶ አለማየሁ ይህን ሲሰሙ ጉርሻቸውን ከሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ። «ከላሬና ከጂካዎ ወረዳ የመጡት ወንዶች እኮ…» ብለው ጀመሩ። ጸጋአብ በፈገግታ፣ ለሽማግሌ በሚደረግ ትዕግሥት አቋረጣቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሜዳውን ለእኔ ይተዉልኝ። አራት ዓመት የተማርኩት እኮ ለዚሁ ነው።»

አቶ አለማየሁ ሊናገሩት የነበረውን ነገር ጋምቤላ ጥቂት የከረመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከገጠር የመጣ የኑዌር ጎረምሳ፣ ሊያገባት በምትችል ልጃገረድ ፊት አፉን ከፍቶ አይበላም። ነውር ነው። የከተማው ልጅ ይህን እየተወው መጥቷል፤ ከወረዳ የመጣው ግን ረሃቡን ችሎ ይነሣል እንጂ አያደርገውም፣ ለምን እንደማይበላም ለባዕድ አይናገርም። አቶ አለማየሁ ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸው ነበር። ዳሩ ግን በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ማዕዳቸው አፋቸው ተይዟል። «ሳልጠየቅ አልናገርም፤ ደጄ ድረስ መጥቶ ይጠይቀኛል» ብለው አደሩ፤ በዚያው ሐሳብ ነጋባቸው።

ጸጋአብ አዲሱን ቱታውን ለብሶ፣ ፊሽካውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ከክፍሉ ወጣ። የሙከራ ጊዜው የሚያበቃው በዚያ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ዲኑና የኮሚቴው አባላት ሜዳ ወርደው የሯጮቹን ፈተና ያያሉ፤ ደስ ካላቸው ቋሚ ይሆናል፤ ለዲግሪ የተመደበው አሥራ አንድ ሺህ ብር ደመወዝና የበረሃ አበሉም ይጸናለታል። አጎትና የእህት ልጅ በረንዳው ላይ ተያዩ። አንዱ «ይመርቁኝ» ማለት ፈልጎ ነበር፤ ሌላውም «ልጆቹ በልተዋል ወይ?» ማለት።

«ደህና ይዋሉ ጋሼ።»

«መልካም ቀን።»

ረፈድ ሲል አቶ አለማየሁ ኮታቸውን ለብሰው ወደ መንገድ ወጡ። ሙቀቱ እንዴት ቢበረታ ያለ ኮት ከቤት አይወጡም። ከኒሙ ዛፍ ሥር አንዲት ባጃጅ ቀረበችና ቆመች፤ ሾፌሩ ዱዎት ነበር። ዱዎት የእርሳቸው ተማሪ ነው፤ በዲፕሎማው ለዓመታት የኮሌጁ ተጠባባቂ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ አሁን ለቦታው ከሚከፈለው ግማሹን እንኳ ሳያገኝ ሠርቷል። ቦታው በማስታወቂያ ሲወጣ «በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚል መስፈርት ተጨመረበትና ሳይወዳደር ወጣ። መስፈርቱ እንዲገባ አጥብቀው የመከሩት፣ ለኮሚቴው በአማካሪነት ተጠርተው የነበሩት አቶ አለማየሁ ራሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ጸጋአብ ገና ተማሪ ነበርና ለዘመድ አዳሉ የሚላቸው የለም፤ ያሰቡትም ለሥራው ክብር ነበር። ዱዎት አንቱታን ከተማሪነቱ ጀምሮ በአማርኛው አልለመደም፤ አቶ አለማየሁም ከሌላ ሰው የማይታገሡትን ከእርሱ ይታገሡ ነበር።

«ቲቸር! ግባ፣ ግባ። ኮትህ ሊቀልጥ ነው።»

«ገበያ አድርሰኝ።»

«ዲግሪው ደህና ነው?» አለ ዱዎት ባጃጇን እያስነሣ። ጸጋአብን በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

«ጸጋአብ ደህና ነው።»

«ዛሬ ያጸድቁታል አሉ። ጥሩ ነው። እኔም ባጃጅ ይሻለኛል። ባጃጅ ዲግሪ አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ቤንዚን ነው፤ እሱም የለም።» ሳቀ። ጥቂት እንደሄዱ ሳቁ ቆመ። ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነቱን ቀነሰና አንገቱን ወደ ኋላ መለሰ። «ቲቸር፣ ልጆቹ አይበሉም።»

አቶ አለማየሁ ወደ ወንዙ አዩ። ባሮ ከታች ጎድሎ፣ የአሸዋ ደሴቶች እየበቀሉበት ይታያል።

«ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ይሰርቃሉ፤ ሽንት ቤት ገብተው ዳቦ ይጎርሳሉ። ዊዩዋል ግን ይኼው ሦስት ቀን። ውሃ ብቻ። ዊዩዋልን ታውቀዋለህ፤ የኛባንግን ልጅ፣ ረጅሙን። በሴቶቹ ቡድን ኛሬአት አለች። የሱ ዘመዶች ከሷ ወንድሞች ጋር ስለ ከብት እየተነጋገሩ ነው፤ ሊያገባት ነው። እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንዴት አድርጎ ይበላል? ይሞታል እንጂ አይበላም።»

«አንተ ለምን አልነገርከውም?»

«እኔ?» ዱዎት መሪውን በመዳፉ መታው። «ቀናተኛ ይሉኛላ! ቦታውን ስለወሰደበት ፈተናውን ሊያበላሽበት ነው ይላሉ። ዘበኛው ራሱ አያስገባኝም። አንተ ንገረው። አጎቱ ነህ። ዲግሪ ይሁን ያልከውም አንተ ነህ።»

የመጨረሻዋ ቃል እንደ እሾህ ገባች። አቶ አለማየሁ ጀርባቸውን ከመቀመጫው አላቅቀው ቀጥ አሉ። «ደረጃ ደረጃ ነው» አሉ። ዱዎት በመስታወቱ አያቸው፤ «እሺ ቲቸር» ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ገበያው በር ላይ ሲወርዱ ሠላሳ ብር ዘረጉለት፤ ሌላ ጊዜ «ተወው» የሚለው ሰው ያን ቀን ተቀበለ።

ገበያው በፀሐይ ነጭ ሆኗል። ቲማቲም የያዘችው ሴት ዋጋ በሳምንት ውስጥ እጥፍ መሆኑን የምትናገረው እንደ ለቅሶ ነው፤ የዓሣ ነጋዴዎቹ ዓሣቸውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ራሳቸው ያለ ጥላ ተቀምጠዋል። አቶ አለማየሁ ምን ሊገዙ እንደመጡ ረስተው ከአንዱ መደብር በረንዳ ላይ ቆሙ። ስልካቸው ጮኸ፤ ከጎሬ እህታቸው እሙዬ ነበረች፣ የጸጋአብ እናት። «ወንድም ዓለም፣ ጸደቀለት?» አለች ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። ገና ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነገሯት። «አደራህን! እንከን እንዳያገኙበት። ላሟን ሸጬ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ቋሚ ካልሆነ በሰው ፊት በምን ዓይኔ እታያለሁ?» አለቻቸው። «እንከን አይገኝበትም» አሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ይህችን ቃል መላልሰው አመዛዘኗት። ቢናገሩ ፈተናው ይተላለፋል፤ ዲኑ ያመሰገኑት ደንብ በኮሚቴው ፊት ስሕተት ሆኖ ይገኛል፤ ልጁም ቋሚ አይሆንም። ቢናገሩ ለልጁ ክፉ መዋላቸው ነው። እንዲህ አድርገው ኩርፊያቸውን የርኅራኄ ልብስ አለበሱት፤ ልብሱም ልክክ አለላቸው።

ሆኖም እግራቸው ወደ ቤት አልመለሳቸውም። ወደ ኮሌጁ ሄዱ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ሯጮቹ ምሳ ላይ ነበሩ፤ ዲኑ ዶክተር ኤልናታን በር ላይ አግኝተዋቸው እጃቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ወደ አዳራሹ አስገቧቸው። አዳራሹ ረጅም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ የሽሮው እንፋሎት ከጣሪያው ሥር ተኝቷል። በረጅሙ ጠረጴዛ በአንዱ ወገን ወንዶቹ፣ በሌላው ሴቶቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። የደጋ ልጆቹና የከተማዎቹ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከወንዶቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ግን ሳህኖች እንደቀረቡ ናቸው፤ ሽሮው ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዊዩዋል እጆቹን ከጠረጴዛው በታች አድርጎ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ከሰዎቹ በላይ ያለውን ግድግዳ ይመለከታል። ከፊቱ ያለችው ኛሬአት ዓይኗን ከሳህኗ አላነሣችም፤ እርሷም ቶሎ ቶሎ ጎርሳ ለመነሣት የቸኮለች ትመስላለች፣ ነገር ግን ሁሉም ሳይጨርስ መነሣት በደንቡ ተከልክሏል። የልጁ ከንፈር አመድ መስሏል።

ጸጋአብ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «ያዩታል አይደል ጋሼ? ሥጋ ፈልገው ነው። ጾም ስለሆነ ሽሮ አሠራሁ፤ ከከብት ጋር ያደጉ ልጆች ስለሆኑ አኮረፉብኝ። እሹሩሩ አልላቸውም፤ ሲርባቸው ይበላሉ።»

ይህች ደቂቃ የአቶ አለማየሁ ነበረች። ልጁ ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ ባይጠይቅም፣ ጆሮውን ከአፋቸው አጠገብ አምጥቶታል። አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት ዶክተር ኤልናታን ትከሻቸውን ይዘው ወደ ኮሚቴው አባላት አዞሯቸው። «ደረጃውን ያወጡልን እኚህ አባት ናቸው» አሉ በድምቀት። «ዲግሪ የሌለው አሠልጣኝ በተማሪ አካል አይጫወትም ያሉት እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ፍሬውን ያያሉ!» ሰዎቹ እጅ ነሡ። ከብዙ ዘመን በኋላ በሰው ፊት እንዲህ የተጠሩት አቶ አለማየሁ ጎንበስ ብለው አጸፋውን መለሱ፤ ቀና ሲሉ ጸጋአብ ሄዷል። ምሳ ቀረበላቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾሙ ተናግረው መለሱት። ይህም ለኅሊናቸው መጠጊያ ሆናቸው። «እኔ ሽማግሌው ሁዳዴውን ሙሉ እጾም የለም ወይ? ጎልማሳ ልጅ ምሳ ቢቀርበት ምን ይሆናል? ይደክመዋል፣ ያቆማል፣ ማታ ጸጋአብ መጥቶ ጋሼ ምን ይሻላል ይለኛል» አሉ በልባቸው። ማታውንም አሰቡት፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲጠይቅ፣ መምህር ኦጁሉንና ሻምበልን ጠቅሰው ሲመልሱለት። ሐሳቡ ጣፈጣቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው እንደ ምጣድ ሆኖ ነበር። የእንግዶቹ ወንበር በማንጎው ጥላ ሥር ተደርድሯል፤ ጥላው ራሱ ትኩስ ነው። ዱዎት ከአጥሩ ውጭ ባጃጁን አቁሞ፣ ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኮ ቆሟል። ፈተናው ያለ ማቋረጥ የሚሮጡት የዙር ሩጫ ነበር፤ ጸጋአብ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ፊሽካ ነፋ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ዊዩዋል መራ። ረጃጅም እግሮቹ መሬቱን የሚነኩት በቸርታ ይመስል ነበር። ሴቶቹ ተራቸውን እየጠበቁ ከዳር ቆመዋል፤ በእነርሱ ፊት ባለፈ ቁጥር ይፈጥናል። ዲኑ አጨበጨቡ። «ይህ ነው ሳይንስ!» አሉ። አቶ አለማየሁ ግን የሚያዩት የልጁን ጀርባ ነበር። ሌሎቹ ሯጮች ማልያቸው በላብ ተጣብቋል፤ የዊዩዋል ማልያ ግን በነፋሱ ይርገበገባል። ደረቅ ነው። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ሩጫ የዚያ ልጅ ገላ ላብ የለውም።

ተነሡ። «ይቀመጡ አባት፣ ፀሐዩ ይመታዎታል» አሉ ዶክተር ኤልናታን ኮታቸውን ሳብ አድርገው። አቶ አለማየሁ ዲኑን አዩ፣ ሜዳውን አዩ፣ ጸጋአብን አዩ፤ ልጁ ከእናቱ የወረሰውን ሳቅ እየሳቀ «አንድ ዙር ቀረ! በርታ የኔ አንበሳ!» ይላል። አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረው። ተቀመጡ። ዊዩዋል በመታጠፊያው ላይ መሥመሩን ለቀቀ። ጥቂት ርምጃ ወደ ሣሩ፣ እንደገና ወደ መሥመሩ፣ ሰካራም ይመስል ተወላገደ። ቀጥሎ ማንም ያልገፋው ዛፍ እንደሚወድቅ በቁመቱ ሙሉ በግንባሩ ወደቀ። ከሴቶቹ መካከል አንድ ጩኸት ብቻ ወጣ፤ ኛሬአት ነበረች፣ እርሷም ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከዘበኛው ጋር ማንም አልተከራከረም፤ ዱዎት በሩን በባጃጁ አፍንጫ ገፍቶ ሜዳው መሐል ደረሰ። ጸጋአብ የልጁን ራስ በጭኑ ላይ አድርጎ ውሃ ያፈስበት ነበር። «ገላው እሳት ነው» ይላል ደጋግሞ። «ጋሼ፣ ገላው እሳት ነው!»

ልጁን በዱዎት ባጃጅ ባደረሱበት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ጥላ እንጂ ቅዝቃዜ የለም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከክፍሉ ወጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ሙቀቱ ቢወርድም ልጁ አልነቃም፣ ኩላሊቱ ተጎድቷል፤ እስኪነጋ ምንም ማለት አይቻልም። «ይህ ልጅ ሆዱ ባዶ ነው» አለች፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበላው?» የዊዩዋል እናት ኛባንግ መጥታ ከግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ የልጇን ጫማ በጭኗ ላይ አድርጋ ክሩን ትፈታለች፣ ትቋጥራለች። አጠገቧ ወንድሟ ያክ በረጅም ዱላው ተደግፎ ቆሟል። ዶክተር ኤልናታን ስብሰባ አለኝ ብለው ከሄዱ ቆይተዋል። በመስኮቱ በኩል የግቢው ሰው እየተበራከተ መሆኑ ይታይ ነበር፤ የያክ ዘመዶች ናቸው፣ ድምፅ አያሰሙም፣ በየዛፉ ሥር ይቆማሉ።

ያክ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረ። ረጋ ያለ፣ አጭር ንግግር ነበር። ንግግሩን ወደ አማርኛ መመለስ የዱዎት ድርሻ ሆነ።

«የልጁን ረሃብ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር ወይ ነው የሚለው» አለ። ማንንም ላለማየት ወለሉን አየ፤ ዓይኑ ግን አልታዘዘለትም፣ ተነሥቶ ወደ አቶ አለማየሁ ሄደ፣ እዚያው ቀረ።

አቶ አለማየሁ ከአግዳሚው ተነሡ። ከንፈራቸው ተላቀቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልጎበጠው ጀርባቸው አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። የኛባንግ ጣቶች ከክሩ ላይ ቆመዋል። ከክፍሉ በር አጠገብ የነበረው ጸጋአብ ግን ቀደማቸው፤ በአጎቱና በያክ መካከል ገባና ቆመ፣ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ በጡጫው ጨብጦታል።

«ያወቀ ሰው አልነበረም» አለ። «ዱዎት ከሥራው ወጥቷል፤ አጎቴም አላወቁም፣ ቢያውቁ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ሳህኑን በየቀኑ ያየሁት እኔ ነኝ። አኮረፈ ብዬ ፈረድኩበት እንጂ አንድ ቀን ቀርቤ ለምን አትበላም አላልኩትም። በእኔ ነው የመጣው፤ ተሳስቻለሁ።»